ቤት ውስጥ ለሚቀናበር ቪዲዮ ሃርድ ዲስክ፦ አመራረጡና አያያዙ

በጥር የሠርግ ሰሞን ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ በቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚቀረጸው ቪዲዮ ብዙ ነው። ሰኞ ሲነጋ የካሜራው ሚሞሪ ካርድ ሞልቷል፣ ላፕቶፑ ቦታ የለም ይላል፣ ያለችው አንዲት ኤክስተርናል ደግሞ ባለፈው ሳምንት ኒካህና በአምና ልደቶች ተጨናንቃለች። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ሱቅ ሄዶ «ትልቁን ስጠኝ» ይላል። ትልቁ ዲስክ ግን ሱቁ ውስጥ ካሉት ሁሉ ቀርፋፋው ሊሆን ይችላል። ፈጣኑ ደግሞ ቪዲዮን ለዓመታት ለማስቀመጥ አይመከርም። የትኛውም ቢሆን ብቻውን ከሆነ አንድ ቀን ይዞ ይጠፋል።

ለቪዲዮ ቅንብር ዲስክ የሚያስፈልገው ለሦስት የተለያዩ ጉዳዮች ነው፦ በእጅ ያለውን ሥራ ለማስኬድ፣ ያለቀውን ለማከማቸትና ሌላ ቦታ የሚቀመጥ ቅጂ ለመያዝ። ሦስቱን በአንድ ዲስክ ለመወጣት ሲሞከር ነው ችግሩ የሚጀምረው። ገንዘብ ካጠረ ደግሞ ፈጣኑ ይቆይና መጀመሪያ ቅጂው የሚያርፍበት ዲስክ ይገዛ። ኮምፒውተሩ ቢንቀራፈፍ ሥራው በሁለት ቀን ይዘገያል፤ ሙሽራዋ ከእናቷ ቤት ስትወጣ የተቀረጸው ከጠፋ ግን ማንም መልሶ ሊቀርጸው አይችልም።

ስንት ጊጋ ያስፈልጋል?

ከመግዛት በፊት ሒሳብ ይሠራ። ካሜራዎች ጥራታቸውን የሚናገሩት በሜጋቢት ነው፤ ዲስክ የሚለካው ደግሞ በባይት ነው። 8 ቢት 1 ባይት ስለሆነ በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በየሰከንዱ 12.5 ሜጋባይት ይጽፋል፤ በሰዓት 45 ጊጋባይት ማለት ነው። አቋራጩ ቀላል ነው፦ ሜጋቢቱን በ0.45 ማባዛት በሰዓት የሚበላውን ጊጋ ይሰጣል። በ50 ሜጋቢት የተቀረጸ 22.5 ጊጋ፣ በ20 ሜጋቢት የተቀረጸ 9 ጊጋ ይሆናል። አይፎን በ4ኬ፣ በሰከንድ 30 ፍሬም፣ በኤችኢቪሲ አጨማመቅ ሲቀርጽ በደቂቃ 170 ሜጋባይት ገደማ ስለሚወስድ ለአንድ ሰዓት 10 ጊጋ ያህል ይበቃዋል።

አንድ ሠርግ እንውሰድ። ሁለት ካሜራ፣ እያንዳንዱ 4 ሰዓት፣ ሁለቱም በ100 ሜጋቢት ከቀረጹ ጥሬው ቪዲዮ 360 ጊጋ ነው። ላፕቶፑ 4ኬውን መጎተት አቅቶት ቀለል ያለ የሥራ ቅጂ፣ ማለትም ፕሮክሲ፣ ከተሠራለት ይጨመራል። በ1080፣ በ25 ፍሬም የሚሠራ ፕሮሬስ ፕሮክሲ በሰዓት 17 ጊጋ ስለሚወስድ ለ8 ሰዓቱ 136 ጊጋ ይደርሳል። ሶፍትዌሩ ለራሱ የሚያከማቸው ካሽ 50 ጊጋ ቢይዝ፣ ያለቀው የ2 ሰዓት ቪዲዮ በ20 ሜጋቢት ሲወጣ 18 ጊጋ ቢሆን ድምሩ 564 ጊጋ ነው። ስለዚህ ባለ 500 ዲስክ ለዚህ ሥራ አይበቃም፤ ባለ 1 ቴራ ግን አንድን ሠርግ በምቾት ያስኬዳል። ሥራው ሲያልቅ ፕሮክሲውና ካሹ ይሰረዛሉ፤ ለማከማቻ የሚተላለፈው ጥሬውና ያለቀው፣ 378 ጊጋ ብቻ ነው። ባለ 4 ቴራ ማከማቻ ጥቂት ክፍት ቦታ ተትቶለት እንዲህ ያሉ 9 ሠርጎችን ይይዛል።

አዲስ ባለ 1 ቴራ ዲስክ ዊንዶውስ ላይ ተሰክቶ 931 ጊጋ ቢያሳይ ማንም አላጭበረበረም። አምራቹ 1 ጊጋን 1,000,000,000 ባይት አድርጎ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ ግን 1,073,741,824 ባይት አድርጎ ነው የሚቆጥረው። ለቦታ ሲታቀድ በዊንዶውሱ ቁጥር ማሰብ ይሻላል።

የሚሽከረከረውና የማይሽከረከረው

ተራው ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከሩ ሳህኖችና በላያቸው የሚንቀሳቀስ ማንበቢያ አለ። ላፕቶፕ ውስጥ የሚገባው ባለ 2.5 ኢንቹ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል፤ አንድን ረጅም ፋይል በተከታታይ ሲያነብ በሰከንድ ከ100 እስከ 130 ሜጋባይት ያወጣል። ሦስት ካሜራ እያንዳንዱ በ12.5 ሜጋባይት ቢነበብ 37.5 ብቻ ስለሆነ በወረቀት ላይ በደንብ ይበቃል። በተግባር ግን ሦስቱን ካሜራ በአንድ ላይ ሲያጫውቱት ይንገጫገጫል። ምክንያቱ ፋይሎቹ ሳህኑ ላይ በተለያየ ቦታ መቀመጣቸው ነው። ማንበቢያው ከአንዱ ካሜራ ወደ ሌላው ለመዝለል ከ10 ሚሊሰከንድ በላይ ይወስዳል፤ ሳህኑ ራሱ አንድ ዙር ለመዞር 11 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። በዚህ ላይ የድምፅ ፋይል፣ ሙዚቃና ካሽ ከዚያው ዲስክ ሲነበቡ አብዛኛው ጊዜ በማንበብ ፈንታ በመዝለል ያልቃል። ዲስኩ እየሞላ ሲሄድ ነገሩ ይብሳል፦ መጀመሪያ የሚሞላው የሳህኑ ውጫዊ ጠርዝ ፈጣን ነው፣ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ውስጠኛው ክፍል ግን ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል።

ኤስኤስዲ፣ ማለትም መረጃን በቺፕ ላይ የሚይዘው የማይሽከረከር ዲስክ፣ የሚዘል ማንበቢያ የለውም። ሳታ በሚባለው የተለመደ የዲስክ ማገናኛ የሚሠራው በሰከንድ 550 ሜጋባይት ያህል ይሰጣል፤ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ቀጭን ካርድ ደግሞ ከ2,000 በላይ ይሄዳል። ለ100 ሜጋቢት ቪዲዮ የሳታው ከበቂ በላይ ነው፤ ለኤንቪኤምኢ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት ለአብዛኛው የቤት ሥራ ለውጥ አያመጣም። ዲቪዲ ማጫወቻ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ካለ ዲቪዲውን አውጥቶ በቦታው ሁለተኛ ዲስክ የሚያስገባ ማቀፊያ ይገኛል። ውፍረቱ 9.5 ወይም 12.7 ሚሊሜትር ስለሆነ ሳይለኩ መግዛት አይገባም። ያለው አንድ ኤስኤስዲ ብቻ ከሆነ ዊንዶውሱ የሚነሣበት ዋናው ቦታ ይሰጠው፣ ሃርድ ዲስኩ ወደ ዲቪዲው ቦታ ይሂድ።

ይሁን እንጂ ቪዲዮው ስለተንገጫገጨ ብቻ ዲስክ ለመግዛት መሮጥ የለም። በኤች 264ም ሆነ በኤችኢቪሲ አጨማመቅ የተቀረጹ ቪዲዮዎች በጣም የተጨመቁ ስለሆኑ እነሱን ማጫወት በአብዛኛው የሚያቅተው ከዲስኩ ይልቅ ፕሮሰሰሩ (ሲፒዩው) ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭኖ ታስክ ማናጀርን ከፍቶ ቪዲዮውን እያጫወቱ መመልከት ነው። ሲፒዩው 100 ፐርሰንት ነክቶ ዲስኩ 15 ላይ ከሆነ መፍትሔው ፕሮክሲ መሥራት ነው፤ አዲስ ኤስኤስዲ ቢገዛም መንገጫገጩ አይለቅም። ዲስኩ 100 ላይ ተጣብቆ ሲፒዩው ዘና ካለ ግን ያኔ ዲስክ ይገዛ። ይህች የአንድ ደቂቃ ፍተሻ የብዙ ሰው ገንዘብ ታድናለች።

ኤስኤስዲ ብዙ ሲጻፍበት ያረጃል የሚል ፍርሃት ይሰማል። ጥሩ ባለ 1 ቴራ ኤስኤስዲ አብዛኛውን ጊዜ ከ300 እስከ 600 ቴራባይት እንዲጻፍበት ዋስትና አለው። በየሳምንቱ 400 ጊጋ ቢጻፍበት እንኳ በዓመት 21 ቴራ አይሞላም፤ ዝቅተኛውን ዋስትና ለመጨረስ 14 ዓመት ይፈጃል። የሚያሳስበው ሌላ ነው፦ ኤስኤስዲ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ምልክት ሳይሰጥ በድንገት ይሞታል። የተሰረዘ ፋይልም ወዲያው ከውስጡ ስለሚጸዳ መልሶ ማግኘት ከሃርድ ዲስክ ይልቅ እጅግ ይከብዳል። መሳቢያ ውስጥ ለዓመታት ማስቀመጥም አይመከርም። ጄዴክ የተባለው የኢንዱስትሪው መስፈርት ለተራ ተጠቃሚ ከሚሠራ ኤስኤስዲ የሚጠይቀው፣ የመጻፍ ዕድሜውን ከጨረሰ በኋላ ያለ ኃይል በ30 ዲግሪ ሙቀት ለ1 ዓመት መረጃውን እንዲይዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ኤስኤስዲ የሥራ ጠረጴዛ ነው፤ ጎተራው የሚሽከረከረው ይሁን።

ኬብሉ

ፈጣን ዲስክ በደካማ ኬብል ቀርፋፋ ይሆናል። ዩኤስቢ 2 በተግባር በሰከንድ ከ35 እስከ 40 ሜጋባይት ብቻ ያሳልፋል፤ ዩኤስቢ 3 ከ400 በላይ ይችላል። ባለ 128 ጊጋ ካርድ በ35 ሜጋባይት ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ በዩኤስቢ 3 ካርድ አንባቢ በ90 ሜጋባይት ቢሆን 24 ደቂቃ ይበቃዋል። ሰማያዊ ምላስ ያለው ቀዳዳ በአብዛኛው ዩኤስቢ 3 ነው። ኤክስተርናሉ ላይ የሚሰካው ጫፍ ሰፊና ሁለት ክፍል ያለው መሆን አለበት። የድሮ ስልክ ቻርጀር ጠባቡ ጫፍም እዚያው ላይ ይገባል፣ ይሠራልም፣ ግን በዩኤስቢ 2 ፍጥነት ነው። ብዙ ሰው ኬብሉ ጠፍቶበት በስልክ ኬብል እየሠራ ዲስኩን ይወቅሳል።

ሌላው ኃይል ነው። የሚሽከረከር ኤክስተርናል ሲነሣ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ዩኤስቢ 2 የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ነው፣ ዩኤስቢ 3 ግን 900። በረጅም ማራዘሚያ ወይም በዴስክቶፕ የፊት ለፊት ቀዳዳ ሲሰካ ጠቅ ጠቅ እያለ የሚጠፋና የሚነሣ ዲስክ ተበላሽቷል ከማለት በፊት በአጭር ኬብል ከኋላው ቀዳዳ ላይ መሞከር ያስፈልጋል።

ሱቅ ውስጥ

በዓለም ላይ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ የሚሠሩት ሦስት ኩባንያዎች ብቻ ናቸው፦ ሲጌት፣ ዌስተርን ዲጂታልና ቶሺባ። ሽፋኑ ላይ ሌላ ስም ካለ ውስጡ ከሦስቱ የአንዱ ነው፣ ወይም ደግሞ ጭራሽ ሃርድ ዲስክ አይደለም። በተለይ እንደ ፍላሽ ቀለል ያለ፣ «16 ቴራ ኤስኤስዲ» የሚል ጽሑፍ ያለበትና ዋጋው ከተራ ባለ 1 ቴራ የሚያንስ ነገር ከተገኘ አይገዛ። እንዲህ ያሉት ተከፍተው ሲታዩ ውስጣቸው ትንሽ ሚሞሪ ካርድ ነው፤ ኮምፒውተሩን የሚያታልል ቺፕ ስላለው 16 ቴራ ብሎ ያሳያል። የመጀመሪያውን 60 ወይም 100 ጊጋ በደንብ ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ የሚገባው ቪዲዮ ስሙ ይታያል እንጂ አይከፈትም።

አዲስ ዲስክ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ሙሉ በሙሉ ይሞከር። ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን እስከ ጫፍ ሞልቶ መልሶ ያነባል፤ በማክና በሊኑክስ ኤፍ3 ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ባለ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክን ለመሙላት 3 ሰዓት፣ ለማንበብ ሌላ 3 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ማታ ተሰክቶ ቢያድር ጠዋት መልሱ ይታወቃል። ከሻጩ ጋር ሲስማሙም «ሞክሬ ችግር ካለበት እመልሳለሁ» የሚለውን አስቀድሞ መነጋገር ነው።

ያገለገለ ዲስክ ሲሆን ደግሞ እዚያው ሱቅ ውስጥ የዲስክን ጤና የሚያሳየው ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለ ፕሮግራም ተከፍቶ ይታይ። የሠራበትን ሰዓት ያሳያል፤ 20,000 ሰዓት ማለት ያለ እረፍት ከ2 ዓመት በላይ ሲዞር ኖሯል። ከዚያ በላይ ግን ሦስት መስመሮች ወሳኝ ናቸው። በ05 የሚጀምረው በተበላሸ ቦታ ፈንታ የተተካውን ይቆጥራል። ሲ5 ሊነበብ ያልቻለና ውሳኔ የሚጠብቅ ቦታ ነው፤ ሲ6 ደግሞ ማንበብ ያልተቻለው። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ከዜሮ ከበለጠ ዲስኩ አይገዛ። ሲ7 ከፍ ብሎ ከተገኘ ግን ብዙ ጊዜ የኬብል ጥፋት ስለሆነ አያስደነግጥም።

ስለ ኤስኤምአር ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ሱቅ ውስጥ ማንም አያነሣውምና። ባለ 2 ቴራና ከዚያ በላይ የሆኑ ትናንሽ ኤክስተርናሎች በአብዛኛው የሚሠሩት በዚህ ዘዴ ነው። መረጃው የሚጻፍባቸው መስመሮች እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አንዱ የሌላውን ጠርዝ እየደረበ ይቀመጣሉ። ከሥር ያለውን አንድ ቆርቆሮ ለመቀየር ከላይ ያሉትን ማንሣት ግድ እንደሆነ ሁሉ፣ መሃል ላይ ያለውን ለመቀየር ዲስኩ ጎረቤቶቹን ሁሉ እንደገና ይጽፋል። ለዚህ ነው ኮፒ ሲጀመር በ120 የሄደው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ወደ 20 ወይም 30 ሜጋባይት የሚወርደው። አንዴ ጽፎ ለሚቀመጥ ማከማቻ ኤስኤምአር ምንም አይልም፤ ቅንብር እየተሠራበት፣ ካሽ እየተጻፈና እየተሰረዘበት ግን ያማርራል። ሲኤምአር የተባለው መስመሮቹን የማይደራርብ ስለሆነ ለሥራ የሚሽከረከር ዲስክ የግድ ከሆነ ባለ 3.5 ኢንች፣ 7,200 ዙር፣ ሲኤምአር ይመረጥ። የትኛው እንደሆነ በሞዴል ቁጥሩ የአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል።

ከፍታው

የሚሽከረከር ዲስክ ማንበቢያ ሳህኑን አይነካም፤ በቀጭን የአየር ሽፋን ላይ ተንሳፍፎ ይሄዳል። ስለዚህ አየሩ ሲሳሳ ማንበቢያው ወደ ሳህኑ ይቀርባል። አብዛኞቹ አምራቾች አየር የሚገባበትን ሃርድ ዲስክ እስከ 3,050 ሜትር ከፍታ እንዲሠራ ብለው ይወስናሉ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆኑ ሁለቱም ውስጥ ያለ ሥጋት ይሠራል። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ሲመለሱ የጣርማ በር መተላለፊያ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ ላፕቶፕ ከፍቶ በሚሽከረከር ኤክስተርናል ኮፒ ማድረግ በከፍታውም በመንገዱ መንገጫገጭም አይደገፍም። ጠፍቶ በቦርሳ ለሚጓዝ ዲስክ ከፍታው ችግር የለውም።

የሳሳ አየር ሙቀትንም በደንብ አያወጣም። ዲስኩ ብርድ ልብስ ወይም ሶፋ ላይ ሳይሆን ጠንካራ ነገር ላይ ይቀመጥ፣ ሙቀቱም ከ50 ዲግሪ እንዳያልፍ እዚያው ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ላይ ይታይ። በክረምቱ የደሴ ጉም ሲቀዘቅዝ ያደረ ዲስክ ሞቅ ወዳለ ክፍል ሲገባ ላዩ ላይ ጤዛ ይይዛል፤ ከቦርሳው ሳይወጣ አንድ ሰዓት ቆይቶ ቢሰካ ይሻላል።

ፎርማት፣ ፎልደርና ካርዱን ማውረድ

ፋት32 የተባለው የዲስክ ፎርማት ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፤ ቦታ እያለ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» የሚል መልእክት የሚመጣው ለዚህ ነው። ዊንዶውስ ብቻ የሚጠቀም ሰው ኤንቲኤፍኤስን ይምረጥ። ማክ ኤንቲኤፍኤስን ያነባል እንጂ አይጽፍበትም፤ ስለዚህ በሁለቱ መካከል ለሚመላለስ ዲስክ ኤክስፋት ይሆናል። ኤክስፋት ግን እየተጻፈበት መብራት ቢጠፋ ወይም ኬብሉ ቢነቀል ራሱን የሚያስተካክልበት መዝገብ የለውም፤ አንዱ ስሕተት ሙሉውን ፎልደር ሊያጠፋው ይችላል። ለዋናው ማከማቻ ባይጠቀሙበት ይመረጣል።

ካርዱ ሲወርድ ቪዲዮዎቹን ብቻ መርጦ መውሰድ ትልቅ ስሕተት ነው። ካሜራው የፈጠራቸው ፎልደሮች በሙሉ እንዳሉ ይገልበጡ። አንዳንድ ካሜራ ረጅም ቀረጻን በየ4 ጊጋው ይቆራርጠዋል፤ ቁርጥራጮቹን ሳይዘሉ የሚያገናኘው መረጃ ያለው በእነዚያ ትንንሽ ፋይሎች ውስጥ ነው። ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ መሃል ላይ ድምፁ ለቅጽበት ከተቋረጠ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። በተራው ኮፒና ፔስት ፈንታ ቴራ ኮፒ የሚባለውን የመገልበጫ ፕሮግራም ወስዶ «ቬሪፋይ» የሚለውን ማብራት ይገባል፤ የተገለበጠውን መልሶ አንብቦ ከካርዱ ጋር ያመሳክራል። ካርዱ ፎርማት የሚደረገው ቪዲዮው በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው፤ ፎርማቱም ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ካሜራው ላይ ይደረግ።

ለፎልደር ስም ቀኑን ከፊት ማስቀደም ይረዳል፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ከዚያ የሥራው ስም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2018-05-16 ተብሎ ቢጻፍ ችግር የለውም፤ ካሜራው ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚመዘግብ አንዱን መርጦ ሁልጊዜ በእሱ መጽናት ነው። ሁለቱን ያደባለቀ ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ ሠርግ ለማግኘት ሙሉ ቀን ይፈልጋል። በውስጡ ጥሬ፣ ድምፅ፣ ፕሮጀክት፣ ያለቀ የሚሉ ንዑስ ፎልደሮች ይበቃሉ። ስሞቹ በላቲን ፊደልና በቁጥር ቢሆኑ ጥሩ ነው፤ አንዳንድ ፕሮግራሞች በአማርኛ የተጻፈ የፋይል መንገድ ሲያገኙ ይሳሳታሉ።

ካሹ ከዚህ ፎልደር ውጭ፣ ኤስኤስዲው ላይ ይሁን። የቅንብር ፕሮግራሙ ፕሪሚየር ፕሮ ካልተቀየረ በስተቀር ካሹን ዊንዶውሱ ያለበት ሲ ድራይቭ ላይ ይጽፋል። ሲ ድራይቭ ባልታወቀ ምክንያት ሞላ የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው፤ ቦታውን የሚቀይረው፣ አሮጌውንም የሚሰርዘው «ሚዲያ ካሽ» በሚለው ቅንብር ውስጥ አለ። ዳቪንቺ ሪዞልቭ በሚባለው ሌላው የቅንብር ፕሮግራም ላይ ሌላ ወጥመድ አለ፦ ፕሮጀክቱ ከቪዲዮው ጎን እንደ ፋይል አይቀመጥም፤ የሚገባው ኮምፒውተሩ ውስጥ ባለ ዳታቤዝ ነው። ቪዲዮውን በሙሉ በጥንቃቄ ያስቀመጠ ሰው ዊንዶውስ ሲያስጭን የሁለት ሳምንት ቅንብሩን ያጣል። በየቀኑ ሥራ ሲያልቅ ፕሮጀክቱን «ኤክስፖርት» አድርጎ ከቪዲዮው ፎልደር ውስጥ መጣል የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ሁሉም ቪዲዮ በቀይ «ሚዲያ ኦፍላይን» ብሎ ከመጣ መደንገጥ አያስፈልግም። ብዙ ጊዜ ዊንዶውስ ለኤክስተርናሉ የሰጠውን ፊደል ቀይሮታል። በዲስክ ማኔጅመንት ገብቶ ከፊደሎቹ መጨረሻ አካባቢ ያለ አንድ ፊደል በቋሚነት ቢሰጠው ሌላ ፍላሽ ቀድሞ ቢሰካም አይናጋም።

መብራት ሲጠፋ

ላፕቶፕና በዩኤስቢ ብቻ የሚሠራ ትንሽ ኤክስተርናል ከሆነ የላፕቶፑ ባትሪ ሁለቱንም ይጠብቃል፤ ባትሪው ግን በእርግጥ መሥራቱ ቻርጀሩን ነቅሎ ይፈተሽ። ባለ 3.5 ኢንቹ ዲስክ የራሱ ቻርጀር ስላለው መብራት ሲሄድ እየጻፈ እያለ ቀጥ ይላል። ዴስክቶፕና እንዲህ ያለ ዲስክ ያለው ሰው ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ፣ ማለትም ባትሪ ያለው የኃይል መጠባበቂያ፣ ያስፈልገዋል፤ ዲስኩም ኮምፒውተሩም ከዩፒኤሱ ባትሪ ካላቸው ቀዳዳዎች ላይ ይሰኩ። የሚሰጠው ሥራውን አስቀምጦ ለማጥፋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ፊልም ለማውጣት አይደለም። መብራት ሲመለስ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቮልቴጁ ስለሚዋዥቅ 5 ደቂቃ ጠብቆ መሰካት ይበጃል። ረጅም ኤክስፖርት ወደ ኤስኤስዲው ይውጣና ሲያልቅ ወደ ማከማቻው ይገልበጥ።

ሁለተኛው ቅጂ ሐረጎን ይሻገር

የታወቀው የባለሙያዎች ደንብ 3-2-1 ነው፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። በእኛ አቅም ሲተረጎም ኤስኤስዲ ላይ ያለው የሥራ ቅጂ፣ ቤት ያለው ማከማቻ፣ ሌላ ቤት ያለው ማከማቻ ማለት ነው። ሁለቱ ዲስኮች አንድ መሳቢያ ውስጥ ከሆኑ ሌባም፣ እሳትም፣ ከጣሪያ የሚያፈስ ውሃም ሁለቱን አንድ ላይ ይወስዳቸዋል። ደሴና ኮምቦልቻ በመካከላቸው ባለው በሐረጎ ተራራ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚራራቁት፤ ደሴ የሚሠራ ሰው ኮምቦልቻ ካለች እህቱ ወይም ዘመዱ ዘንድ አንድ ዲስክ ቢያስቀምጥ፣ በወር አንዴ ሲወርድ አዲሱን ይዞ አሮጌውን ቢመልስ ከብዙ ስቱዲዮ የተሻለ ጥበቃ ይኖረዋል። ኮምቦልቻ ያለውም እንዲሁ ወደ ላይ ይላክ። ለጉዞው ዲስኩ በፎጣ ተጠቅልሎ እጅ ቦርሳ ውስጥ ይያዝ፤ ከሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አይጫን።

በኢንተርኔት ማስቀመጥስ? 360 ጊጋ በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚጭን መስመር ያለ አንድ መቋረጥ 80 ሰዓት ይፈጃል። ጥሬውን መጫን አያዋጣም። የፕሮጀክት ፋይሉ ግን ትንሽ ስለሆነ፣ ያለቀው ቪዲዮም ከተቻለ፣ ይጫን፤ ጉግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋ ለብዙ ፕሮጀክት ፋይሎች ይበቃል። ሬይድ የሚባለው ሁለት ዲስክን አንድ ላይ የሚያሠራ ዘዴም ቅጂ አይተካም፤ በስሕተት የተሰረዘ ፋይል በዚያው ቅጽበት ከሁለቱም ይሰረዛል።

ዲስኩ ሲታመም

ፎልደር ለመክፈት ደቂቃ የሚፈጅ፣ ኮፒ መሃል ላይ ዜሮ ላይ የሚቆም፣ ሲ5 ላይ ቁጥር ያሳየ ዲስክ ገና እያለ ውድ የሆነው ይውጣ። ቀድሞ የሚገለበጠው ሌላ ቦታ ቅጂ የሌለው ነው። «ፎርማት ካላደረጉት አይከፈትም» የሚለው መልእክት ሲመጣ አይቀበሉት፤ ይዘቱ ብዙ ጊዜ እዚያው አለ፣ ቴስትዲስክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሊገኝ ይችላል። የተሰረዘም ከሆነ በዚያ ዲስክ ላይ ምንም ነገር አይጻፍበት፣ ማዳኛ ፕሮግራሙም ቢሆን እዚያ አይጫን።

በየተወሰነ ጊዜ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል የብረት ድምፅ ካለና ኬብል ተቀይሮም ካልቆመ ወዲያው ይነቀል። ችግሩ የማንበቢያው ነው፤ በበራ ቁጥር ሳህኑን ይቧጥጠዋል። ቼክ ዲስክ ማስኬድ፣ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ቤት ውስጥ መክፈት ሁሉም ያባብሳሉ፤ ሳህኑ ላይ የምታርፍ አንዲት ብናኝ ማንበቢያው ከሚንሳፈፍበት ክፍተት እጅግ ትበልጣለች። በዚህ ደረጃ የሚያድነው ልዩ ክፍልና መለዋወጫ ያለው ባለሙያ ብቻ ነው። አንዳንድ ኤክስተርናሎች የዩኤስቢው ቀዳዳ ከዲስኩ ቦርድ ጋር አብሮ የተበየደ ስለሆነ ቀዳዳው ቢሰበር ከሽፋኑ አውጥቶ ኮምፒውተር ውስጥ መሰካት አይቻልም። ስለዚህ ኬብሉ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ይሰካ፣ ቀጥ ብሎ ይነቀል።

ማከማቻዎቹም መሳቢያ ውስጥ ተረስተው አይቆዩ። በየሦስት ወሩ ተሰክተው ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ይታይ፣ ከየፎልደሩ አንድ ሁለት ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ይከፈት። ሽፋኑ ላይ የተገዛበት ወርና ዓመት በማርከር ይጻፍበት፤ 5 ዓመት ሲሞላው ባይበላሽም ይዘቱ ወደ አዲስ ዲስክ ይተላለፍ፣ አሮጌው ደግሞ ሦስተኛ ቅጂ ሆኖ ይቀመጥ። 378 ጊጋው ሠርግ በ100 ሜጋባይት ፍጥነት ለመሻገር አንድ ሰዓት ከ3 ደቂቃ ብቻ ነው የሚወስድበት።